ለሰይድ ፊት የሚሆን ቀለም

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.፣ ደሴ

አሳድሮ ለዚህ ቀን ያበቃን አምላክ ስሙ ይባረክ። ቀለሙ አልያዘም። ጾሙ ሳይገባ በእንቁላል አስኳል አሽቼ የቀባሁት ቢጫ አፈር ዛሬ በጥፍሬ ብነካው እንደ ቅርፊት ተነሣ። ዕድሜዬን ሙሉ በሸራና በብራና ላይ የታመንሁበት ቀለም ጣት በማታህል ፕላስቲክ ላይ ተሸነፈ። እንደገና ልበጥብጥ ብልም አሁን ጾመ ነቢያት ነው፤ በቤቴ እንቁላል አይሰበርም።

ነገሩን ለራሴ ላስተካክለው። የሟች ወንድሜ ልጅ ዳምጤ ሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ ከተመለሰ ወዲህ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ በር ጠባቂ ነው። ፈቃድ አግኝቶ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔ ዘንድ ሰንብቷል። በፋብሪካው የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በትርፍ ሰዓቱ ትንንሽ ወታደሮችን እየገጣጠመ ይቀባ ነበርና፣ ወደ አገሩ ሲመለስ አምስት ያልተቀቡ ወታደሮችና አንድ ሳጥን ቀለም ሰጠው። ዳምጤ አምስቱን በግንባር አብረውት የነበሩበትን ጓድ አደረጋቸው። አንደኛው እርሱ ራሱ ነው። አንደኛው የሐርቡው ሰይድ ነው። የቀሩትን ሦስቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«አባባ፣ ቀኝ እጄ እንቢ አለኝ። እርስዎ ይቅቡልኝ» አለ። ለእጁ መንቀጥቀጥ መድኃኒት አልተገኘም።

የሚያስጨንቀኝ ግን ቀለሙ ብቻ አይደለም። የሰይድ እናት ዘይነብ ልጇ የት እንዳለ ለመጠየቅ ከሐርቡ እየወጣች የጦር ሰፈሩን ደጅ ትጠናለች፤ ከዚያ ወደ ዳምጤ ትመጣለች። ዳምጤ «ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል» ይላታል። ሰይድ አጠገቡ ነው የሞተው። ለእኔ ነግሮኛል፤ ለእርሷ ሊነግር ሲነሣ ግን ምላሱ ይታሰራል። ሌሊት ሲቃዥ እሰማዋለሁ። ዓርብ ትመጣለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፯

ጉልበቴን አመመኝ። ቢሆንም ቀለም ፍለጋ ወደ ገበያ ወረድሁ። ቀለም ሻጩ ሐጂ ከወጣትነታችን ጀምሮ ያውቁኛል። ለወታደር ልብስ የሚሆን አረንጓዴ ብላቸው ሳቁብኝ።

«መሪጌታ፣ ቅዱሳኑ አለቁና ወደ ሠራዊቱ ዞሩ?»

«ቅዱሳኑ ደመወዝ አይከፍሉም» አልኋቸው።

«ሠራዊቱስ ይከፍላል ያለዎት ማነው?»

የሸጡልኝ የዘይት ቀለም ነው፤ የበርና የመስኮት። ቀባሁት። ጥፋት። ከንፈርና አፍንጫ፣ ቁልፍና ኪስ በአንድ ንጣፍ ውስጥ ሰመጡ። ደግሞ ያንጸባርቃል፤ ወታደሩ ዝናብ ውስጥ የቆመ መሰለ። ሳይደርቅ በላምባ አጠብሁት። ቤቱ ላምባ ላምባ ሸተተ፣ ራሴን አዞረኝ።

የፈረንጁን ሳጥን እስከ ዛሬ አልከፈትሁትም ነበር። እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ የሚጨመቅን ነገር ቀለም ብሎ መጥራት ከብዶኝ ነው። ዳምጤ አክሪሊክ ይባላል አለኝ፤ በውኃ ይቀጥናል፣ ከደረቀ ግን ውኃ አይፈታውም። ነገ እሞክረዋለሁ። ትዕቢት በሽምግልናም አይለቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰

ዛሬ የተማርሁት።

አስቀድሞ ወታደሩ በሳሙና ይታጠብ፤ የእጅ ወዝ ካለበት ቀለሙ ይሸሻል። ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ጊዜ ስስ መቀባት ይሻላል። ብሩሹ ከውኃ አይለይ፤ አንዱን የፍየል ጠጉር ብሩሼን ለጥቂት ጊዜ ብተወው እንደ ችንካር ደርቆ ቀረ። እጅግ አዘንሁ፤ ራሴ ያሰርሁት ነበር።

የምወድለት ነገር አለ። አያብለጨልጭም። ኪሱም ቁልፉም በቦታው ይታያል። የተሳሳቱበትን ከደረቀ በኋላ በላዩ ቢቀቡበት የታችኛው አይነሣም። ምርጫዬ ይኸው ነው።

አረንጓዴው ግን የቄጠማ አረንጓዴ ነው። ዳምጤ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የእኛ ልብስ አረንጓዴ የነበረው የታደለን ዕለት ብቻ ነው አለ። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቢጫውንና ጥቂት ጥቁር እየጨመርሁ አሳየሁት። አይደለም። አይደለም። በመጨረሻ አመድ የመሰለ ነጭ ነካ ሳደርግበት ክዳኑን ወደ መስኮቱ አዞረና «አቧራው መጣ» አለ።

ከቱቦዎቹ አንዱን የሥጋ ቀለም ነው አለኝ። ከፈትሁት። ነጭና ቀይ፣ የፈረንጅ ጉንጭ።

«በዚህ ከቀቧቸው እኛ የማረክናቸው ይመስላሉ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ቡናማውን መርጬ ፊታቸውን ሠራሁ።

ከዚያ ልማድ አሳሳተኝ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ሰፊ ዓይኖች ፊት ለፊት ይታያል፤ ኃጥእ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እጄ ሳላስበው በሁሉም ላይ ትልልቅ ዓይን ከነጥቁር ዙሪያው አስቀመጠ። በዚህች ትንሽ ፊት ላይ ዓይን እንዲያ አይሠራም፤ ጥላ ብቻ ይበቃት ነበር። ዳምጤ ካድሬው ቢያይ የጻድቃን ማኅበር አቋቋማችሁ ይለናል አለ። መሽቷል፤ ነገ በቀን ብርሃን አርመዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፱

ሳላርም ዘይነብ ቀደመችኝ። ከቅዳሴ ስመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አስገባኋት። ጾም ስለሆነ ሽሮው ለሦስታችንም ሆነ፤ በጾም የሥጋ ነገር የለምና ማዕዳችን አይለያይም። ጥቂት ቀመሰችና በመስኮቱ ላይ የቆሙትን አየች። ምንድን ናቸው አለች። ዳምጤ የጦር ጓዳችን ልጆች ናቸው አላት። የእኔስ ልጅ የቱ ነው አለች። ጣቱን ዘረጋላት፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብላ አየችው። አልነካችውም።

«ሰይድ ከዚህ ጠየም ይላል፣ መሪጌታ።»

ክዳኑን አቀረብሁ። ከቡናማው ላይ ጠብታ ጥቁር ጨመርሁ። ትንሽ ይጨመርበት አለች። ጨመርሁ። በዛ፤ ቀይ ነካ አደረግሁበት።

«ወላሂ ይሄ ነው» አለች።

በፊቷ ቀባሁት፤ ዓይኖቹን ብቻ አለፍኋቸው። ቀለሙ ወዲያው ደረቀ። ቀና ብላ አምስቱንም ተመለከተች።

«ምነው ዓይናቸው እንዲህ ፈጠጠ? ምን አይተው ነው?»

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ልማዴ ነው ማለት ጀመርሁ። ዳምጤ አቋረጠኝ።

«አባባ አልተሳሳቱም። እንዲያ ነበርን፣ እማማ። ሰይድም እንዲያ እያየ ነው የሄደው። አጠገቤ ነበር።»

አልጮኸችም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለች፣ ደጋግማ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔም ዳዊት ደገምሁ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቀብራችሁታል ወይ ብላ ጠየቀች። ቀብሬዋለሁ አላት።

«ፊቱን ወዴት አድርገህ?»

የክርስቲያን እጅ ስለ ቀበረው ይህን ጥያቄ ነበር የፈራው፤ አሁን ገባኝ። ቢሆንም መለሰ።

«በቀኝ ጎኑ አስተኛሁት። ፊቱን ወደ ባሕሩ፣ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላው አዞርሁት። ሰይድ አስቀድሞ አሳይቶኝ ነበር። እኔም የእኛን አሳይቼው ነበር፤ ማን እንደሚቀድም አናውቅም ብለን።»

«በዚህ እጅህ?»

«በዚህ።»

የምትንቀጠቀጠውን እጁን ይዛ ሳመቻት። ከዚያ ወዲያ ሦስታችንም አለቀስን።

ስትወጣ ዳምጤ የሰይድን ምስል ሊሰጣት ፈለገ። ምስል ቤቴ አላስገባም፣ መሪጌታ ጋ ከጓደኞቹ ጋር ይቁም አለች። ማክሰኞ የሰይድን ሰደቃ ታወጣለች፤ እንድንገኝ ጠርታናለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳

ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ ብሩሽ አልነካሁም። ሰውነቴ ሁሉ እንደ ተወቀጠ ነው። ሐዘን የሌላ ሰው ሲሆንም ወገብ ይቆርጣል።

ዳምጤ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ተኛ። ከተመለሰ ወዲህ አይቼው የማላውቀው እንቅልፍ ነው። ትንፋሹን ለመስማት ሁለት ጊዜ ደጁ ላይ ቆምሁ።

የወታደሮቹን ዓይኖች ላርማቸው ወይ አልሁት። ይተዉአቸው አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ከማኅሌት ተመለስሁ። ድምፄ ተዘግቷል። መቋሚያውን ተደግፌ ነው ያነጋሁት።

መንገድ ላይ ዳምጤ ሳልጠይቀው ስለ ቀሩት ሦስቱ ነገረኝ። ሦስቱም አልተመለሱም። የአንደኛው ቤተ ሰቦች ገራዶ ናቸው፤ ምንም አልሰሙም። ከሐርቡ ስንመለስ ወደዚያ እንሂድ አለኝ። ምን ብሎ እንደሚጀምርላቸው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። የልጁን መልክ ጠየቅሁት። ቀይ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው አለ። ያንን ቀለም ነገ እበጠብጣለሁ። እንዲቀናኝ እግዚአብሔር ይርዳኝ።

ከእኔ በኋላ ይህን ጽሑፍ የምታገኝ ሆይ፤ የላክኸው ልጅ በእግሩ ይመለስልህ፤ ደጅህን የሚያንኳኳ ሁሉ ደኅና ወሬ ይዞ ይምጣ፤ ቤትህንና በውስጡ ያሉትን የጽዮን እመቤት በጥላዋ ትሰውር። አሜን።