በሸጋው ስም የወጣ ደረሰኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት

በእግር መኪናው ጀለብያ እየሰፋሁ ነው። አንገቱ ጥልፍ ይፈልጋል። ጥልፍ የለም። የጥልፍ ማሽኔ ኬላ ላይ ታስሯል። አዎ፣ ታስሯል፣ እንደ ወንበዴ።

የመርፌ መያዣው ተሰብሮ እንዲጠግኑልኝ ለሻጮቹ አ.አ. ልኬው ነበር፣ በሾፌሩ በአያ ደሴ አውቶቡስ። ትናንት አያ ደሴ ደወሉልኝ። ፈታሾቹ አወረዱት አሉ። ከሱዳን የገባ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ። እስከ ዓርብ ደረሰኝ ካልቀረበ ይወረሳል።

ይሄ ማሽን እኮ ከአ.አ. ነው የመጣው። ስልኬ ላይ በገዛ ጣቴ አዝዤ። በዚያው መንገድ ሲወርድ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ወደ ታች ሲሆን ዕቃ ነው፣ ወደ ላይ ሲሆን ኮንትሮባንድ። መተማ ያለ ሰው የራሱ የሆነ ነገር የለውም መሰላቸው። ባለፈው ለእናቴ የወሰድኩትን ብርድ ልብስ እንኳ እጥፋቱን እየፈቱ አይተውታል።

ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ጥልፍ ልብስ ይዞ መግባት ይፈልጋል። የዓመት እንጀራዬ ያኔ ነው። ያለ ማሽን ምን ልሆን ነው?

ደረሰኙማ አለ። ሻጮቹ በኢሜይል ልከናል ብለውኛል። ኢሜይሌ የት እንዳለ ነው የማላውቀው።

ያው ሰኞ። ከሰዓት

ሸጋው ጋ ሄድኩ፣ ሞባይል ቤቱ። እዚህ ስልክ ስንገዛ ኢሜይል የሚከፍትልን እሱ ነው። ክፈትልኝ እንለዋለን፣ ለስላሳ እንደማስከፈት። ፓስወርዱን የሚጠይቅ የለም። ከፍቶ የሚያይም የለም። እኔም ያው ነኝ። ማሽኑን ያዘዝኩበት ስልኬ ውሃ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሞቷል። ስለዚህ ኢሜይሌን አዲሱ ላይ አምጣልኝ አልኩት። ራሱን አከከ። ነገ አለ። ለምን ነገ? ነዘነዝኩት። በመጨረሻ አወጣው። የእኔ የሚባል ኢሜይል የለም። ለራሱ አንድ ከፍቶ፣ እሱኑ በሁላችንም ስልክ ላይ ሲጭን ኖሯል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ለእያንዳንዱ ሰው መክፈት አሰልችቶት።

ደሜ ፈላ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ ሌባ አልኩት። አጭበርባሪ አልኩት። ሌላም አልኩት፣ እሱን ላንተ ለደብተሬ እንኳ አልደግምልህም። ትንሽ ቀለለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሸጋው አኩርፏል። ስልኩን ብቻ ወርውሮልኝ ፈልጊ አለኝ።

አቤት። የከተማው ደረሰኝ ሁሉ አንድ ላይ ተከምሯል፣ ከእያንዳንዱ ሥር የተረካቢው ስልክ ቁጥር አለ። ጫማ። የሶላር መብራት። ፀጉር የሚያበቅል ቅባት። እሱን ያዘዘውን ባለ ትራክተር አውቀዋለሁ፣ ኮፍያ ከራሱ አይወርድም። ብቻዬን እስቃለሁ።

እየሳቅኩ የሙሉ ቁጥር ላይ ደረስኩ። ጎረቤቴ ሙሉ፣ ግድግዳ የምንጋራው። የሕፃን ልብስ አዛለች። ካልሲ፣ ቆብ፣ ቢጫ መጠቅለያ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ መልእክት፦ በደንበኛዋ ጥያቄ ትዕዛዙ ተሰርዟል።

ሙሉ ልጅ የላትም። አርግዛ እንደነበር አልሰማሁም። ስታለቅስም አልሰማሁም። ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ሳል ያሳልፋል። ዝምታዋን ኩራት ነበር የምለው። ለሰውም እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ።

ስልኩን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሸጋው አገኘሽው? አለኝ። ገና አልኩት።

በኋላ የራሴን አገኘሁ። ማሽኑ፣ ቁጥሩ፣ ከአ.አ. ወደ መተማ፣ ሁሉም አለ። የገዢ ስም ግን፦ ሸጋው። ፎቶ አንስቼ ለአያ ደሴ ላክሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አያ ደሴ ደወሉ። ፈታሹ ልጅ አይቶታል፣ ክፉ ልጅ አይደለም አሉ። ወረቀቱ ትክክል ነው ብሏል። ግን ስሙ የተጻፈው ሰው መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይምጣ።

እንግዲህ ሸጋውን መለመን። ሄድኩ። ቀስ ብሎ፣ ቻርጀር እየጠቀለለ፣ «እታለም፣ ስትሰድቢኝ ሰው ሁሉ ሰምቷል» አለኝ። «ሌባ አለመሆኔንም ያው ሰው ይስማ።»

ይሄ ሁላችንንም አንድ ጆንያ ውስጥ የከተተ ሰው ይቅርታ ሊያስጠይቀኝ! ቆይ። እናገራለሁ። ኑ፣ ጉዳችሁ ሁሉ እሱ ስልክ ውስጥ ነው እላለሁ። ሱቁን ይዝጋታ። ግን ከተዘጋ ማን ኬላ ይሄድልኛል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ሸጋው ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ሰው ተሰበሰበ፣ እኔ ስናገር ማን ይቀራል። አንዱ ዛሬስ ማንን ልትበዪው ነው አለ። ምላሴ ተስሏል። ጉዱን ላወጣው ነው። ደረሰኜን ያገኘሁት እሱ ስልክ ውስጥ ነው ብዬ ጀመርኩ።

ሙሉ ቲማቲም ይዛ ስታልፍ ቆመች። «ብርቄ፣ እኛ ያዘዝነውም እዚያ ውስጥ ይታያል እንዴ?»

ፊቷን አየሁት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ የራሴን ብቻ ነው ያየሁት» አልኩ።

ከዚያ ሸጋው ሌባ አይደለም አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ሁለቴ። ሰው ተገረመ፣ ሳቀብኝም። ያንተው ብርቄ፣ ልትናገር የነበረውን ሁሉ ዋጠችው።

ሰው ሲበተን ሸጋውን ወደ ውስጥ ወስጄ በሹክሹክታ ነገርኩት። ለእያንዳንዱ የራሱን ትከፍታለህ፣ ደረሰኙን ትልክለታለህ፣ ያንን ታጠፋለህ። ከሙሉ ጀምር። ለምን ከሙሉ አላለኝም። እሱም አይቶታል ማለት ነው፣ ከእኔ በፊት። ለማንም አላወራም። ይሄን አላሰብኩም ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9። ማታ ላይ

ኬላ ደርሰን ተመለስን። መታወቂያው ታየ፣ ሸጋው ፈረመ፣ የእሷ ነው ብሎ መሰከረ። ማሽኑ በአያ ደሴ አውቶቡስ ወደ ላይ ሄደ። ካርቶኑን በቢላ ቀድደውታል። ይቅርታ የሚል አልነበረም። እንግዲህ ምን ይደረግ።

ስንመለስ ኢሜይሌን ከፈተልኝ፣ በራሴ ስም። ፓስወርድ ምን ልበል አለ። ስልኩን ተቀብዬ ዙር አልኩት። ራሴ ጻፍኩት። ደረሰኜ ገባ። ላንተም ቢሆን ፓስወርዱን አልነግርህም። አንተን የሚገልጥህ አይታወቅማ።

ቆይ። ማክሰኞ ግን የሙሉን ጽፌብሃለሁ። እዚህ፣ በእጄ ጽሑፍ፣ በስሟ።

ያንን ገጽ እቀደዋለሁ። የሻይ ከሰሉ ገና አልጠፋም፣ አሁኑኑ ተነሥቼ እሳቱ ውስጥ እከተዋለሁ።