ከሞት ያተረፍከው መርከበኛ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ትምህርቴን ሳልጨርስ ምን ብዬ እጽፍልሃለሁ እያልኩ ነው። አሁን ጨረስኩ። ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ገዳሪፍ ጥናቴን አቅርቤ አለፍኩ። እማዬ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር፤ ገና ፊቴን ስታይ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ።

ቤቱ ደህና ነው። የስፌት መኪናህ አልቆመችም፤ እማዬ ተለማምዳ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋባታለች። አንተ በታመምክበት ክፍል ከካርቱም የተፈናቀለች እናት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ልጆቹ እማዬን በዓረብኛ ያዋሯታል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ እስካሁን ሳይግባቡ የቀሩበት ቀን የለም።

ስለ ጥናቴ በደንብ ሳላጫውትህ ነው የሄድከው። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንዴት እንደተነበቡ ነው ያጠናሁት። ማን ገዛቸው፣ ማን ተዋሳቸው፣ ማንበብ የማይችለውስ እንዴት ሰማቸው? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከአስተማሪዎቼ ዘንድ አይደለም። ከአንተ ነው።

አንተ ከኢትዮጵያ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን በእግር ተሻግረህ ስትመጣ አስተማሪ ነበርክ። ሾዋክ አጠገብ ባለው የስደተኞች ካምፕ አስተማርክ፤ የልብስ ስፌትም እዚያው ተማርክ። ገዳሪፍ ስንገባ፣ ለካምፑ ትምህርት ቤት በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት አንዱን ተውሰህ ይዘህ መጣህ። በወደብ ከተማ እንግዳ እያሳደረች የምትኖር ሴት፣ መርከበኛ ለሆነው ወንድሟ የምትጽፈው ደብዳቤ ነበር፤ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ደብዳቤ ነው። አርብ ከሰዓት ሱቅህን ዘግተህ ግቢያችን ውስጥ በሸንበቆና በሣር የሠራኸው ራኩባ ሥር ትቀመጥና፣ እንግሊዝኛውን እያየህ በአማርኛ ታነብልናለህ። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ የመጀመሪያ ቀን የተቆጡትን አልረሳም። «ያ ሙዓሊም፣ አንተ አስተማሪ፣ ያልነበረች ሴት፣ ያልተላከ ደብዳቤ! ይኼ ለልጆች ይነበባል?» አሉህ። አንተም «ይቀመጡ ሐጂ፣ ካልወደዱት ያስቆሙኛል» አልካቸው። አልተቀመጡም፤ ግን በሚቀጥለው አርብ ጀላቢያቸው ተሰፍቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ብለው መጡ። ከዚያም በሚቀጥለው። በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ ያቺ ጀላቢያ አምስት ሳምንት ፈጀች። አንተ ነህ ሆን ብለህ ያዘገየሃት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የነበሩ አባቶችና ቄሶች ልብ ወለድን እንዴት እንዳወገዙ ሳነብ፣ ደራሲዎቹም ነቀፋውን ፈርተው «ይህ በእውነት የተገኘ ደብዳቤ ነው» እያሉ እንደሚምሉ ስማር፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐጂ ኑሩን አውቃቸዋለሁና።

የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ለትምህርት ካርቱም ነበርኩ። በጭነት መኪና ገዳሪፍ ስደርስ አንተ አልጋ ይዘሃል። ጓደኞቼ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገሩ ሲነሱ እኔም ትምህርቱን ትቼ አብሬያቸው ልሄድ ቆረጥኩ። አንተ ግን «ሂጂም ቅሪም አልልሽም፤ የጀመርሽውን ስትጨርሺ ባይ ግን እወድ ነበር» አልከኝ። «እወድ ነበር» ስትል እንደማትደርስበት ማወቅህ ገባኝ። በሦስተኛው ሳምንት አረፍክ። ጓደኞቼ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ።

አስተማሪዬ ዶክተር ሱዓድም ከካርቱም ተፈናቅላ እዚሁ ነበረች። አንዱን ምዕራፌን በአንተ አድማጮች ላይ ልሥራው ስላት ተስማማች። መጽሐፉን አንተ ለሾዋክ ትምህርት ቤት ከመለስከው በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ ግን ፈልጋ ቅጂውን በስልኬ ላከችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ አነበብኩት።

አባዬ፣ መርከበኛው ገና የመጽሐፉ ሲሶ ላይ ይሞታል። መርከቡ ሰጥሞ ይሞታል። እህቱ መርዶውን ከሰማች በኋላም መጻፏን አታቆምም፤ የቀረው መጽሐፍ በሙሉ ለሞተ ሰው የተጻፈ ነው።

ያንተ መርከበኛ ግን አልሞተም ነበር። በሽታ ያዘው፣ ዳነ፤ ተማረከ፣ አመለጠ፤ ለእህቱም ይጽፍላት ነበር። እነዚያ ሁሉ መልሶች መጽሐፉ ውስጥ የሉም። አንተው ነህ የፈጠርካቸው።

ተናደድኩብህ። ያ ምዕራፍ አድማጮችህ ስለ መጽሐፉ በሚያስታውሱት ላይ የቆመ ነበር፤ እነሱ ከሚያስታውሱት ግማሹ ግን መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ዶክተር ሱዓድ «ወይ ምዕራፉን አውጪው፣ ወይ የሆነውን እንደሆነው ጻፊው» አለችኝ። እንደሆነው ለመጻፍ ደግሞ ከአድማጮችህ አንዷ ወደነበረችው እትዬ ሙሉ መሄድ ነበረብኝ።

የእትዬ ሙሉ ታናሽ ወንድም ወደ ሊቢያ ከሄደ በኋላ ድምፁ እንደጠፋ አንተ ከእኔ ቀድመህ ታውቃለህ። በየአርቡ ገና ሳትቀመጥ «መርከበኛው ጻፈላት?» ብላ የምትጠይቅህ እሷ ነበረች። ለማን ብለህ እንዳተረፍከው የገባኝ ወደ ቤቷ ስሄድ መንገድ ላይ ነው። ልመለስ ብዬ ነበር፣ አየችኝ፣ ጠራችኝ። ጎኗ ተቀምጬ፣ መርከበኛው በመጽሐፉ ውስጥ ሞቷል አልኳት።

ደንግጣ ታለቅሳለች ስል፣ የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን አድርጋ እጄን ያዘችኝ።

«አውቃለሁ እኮ ልጄ» አለችኝ። «ፊደል ባልቆጥር ዓይን የለኝም? መርከበኛው ከታመመበት ቀን ጀምሮ አባትሽ ገጹን አልገለጠም። ስንት አርብ ሙሉ እዚያው ገጽ ላይ ሆኖ አነበበልን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እሱ ለእኔ ብሎ ይደክማል፣ እኔ ላሳፍረው? ደግሞስ ደስ ይል ነበር፤ ከነውሸቱ ደስ ይል ነበር። አርብ እስኪደርስ እጠብቀው ነበር።»

እዚያው አለቀስኩ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ማክሰኞ ዕለት ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሌላውን ሁሉ አልፎ ወደዚሁ ምዕራፍ መጣ። «ገዳሪፍ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ እንዳሻው የለወጠው ታሪክ፣ ስለ ድሮው እንግሊዝ ምን ሊነግረን ይችላል?» አለኝ። ዶክተር ሱዓድ ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ተከለች። ይህን ጥያቄ ካልመለስኩ ሥራው እንደሚወድቅ እኔም አውቃለሁ።

መጽሐፍ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው አንዱ ለቤተሰቡ፣ ለሠራተኛው፣ ለጎረቤቱ ያነብ እንደነበር ነገርኩት። አንባቢዎች የሚወዱትን ሰው እንዳይገድልባቸው ደራሲውን በደብዳቤ እስከ መለመን ይደርሱ እንደነበር፣ ሲሞትባቸውም የራሳቸውን ፍጻሜ ይጽፉ እንደነበር ነገርኩት። «የእንግሊዝ አድማጮች ግን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አብዛኞቹን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ አሁን ሁሉም ሞተዋል» አልኩት። «የእኔ አድማጮች በሕይወት አሉ። ጠይቄያቸዋለሁ።»

ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠና እትዬ ሙሉ ያለችውን ድጋሚ እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ዶክተር ሱዓድ ትከሻዬን አቅፋኝ ቆየች፤ ተጠርተን ስንገባ ማለፌን ነገሩኝ።

ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ አስተምራለሁ። ስለ ልብ ወለድ አንባቢዎች ሳስተምር ስለ አንተም አስተምራለሁ፤ በጥናቴም ውስጥ ስምህን ከነአባትህ ስም፣ ምን እንዳደረግክና ለማን ብለህ እንዳደረግከው ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። ተማሪዎቼ ይከራከሩብህ፣ አጥፍቷል የሚልህም አይጠፋ ይሆናል፤ እኔ መልሱን አላጣም። አባትሽ ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ልብስ ሰፊ ነበር ብዬ አላቆምም። ተርጓሚ ነበር፣ ደራሲም ነበር እላለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ እላለሁ።

ልጅህ
እናኑ