ሉሼንን «ፓይ እንብላ» ብሎ ለወሰደው መሥሪያ ቤት

ለአውራጃችን የሞግዚትነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር ሚስተር ክሊፎርድ ሃስኬል
ሰሜን ሜይን

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ስለ ሰው ሕይወት ሲወስን እጁ የማይንቀጠቀጠው መሥሪያ ቤትዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሮዝሊን ሚሾ እባላለሁ፤ ከሟቿ ብላንሽ ቲቦዶ ቤት ፊት ለፊት፣ ከድንች እርሻው ጥግ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት፣ በስልክ በፈለግሁዎ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለ ደግነትዎ ላመስግን። ብላንሽ በሚያዝያ ስታርፍ፣ ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር የተወለደው ልጇ ሉሼን የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ምድጃውን ራሱ ያቀጣጥላል፤ በመከር ጊዜ ከድንቹ መሀል ድንጋይ ይለቅማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወዳጁ ከዣኒን ጋር ቦውሊንግ ይጫወታል። ከባድ ነገር ሲገጥመው እኔን ወይም የአጎቱን ልጅ ኖርማንን ያማክራል፤ እርስዎ ጠበቃዎን እንደሚያማክሩት ማለት ነው። መሥሪያ ቤትዎ ግን «ለራሱ ማሰብ አይችልም» ብሎ ፍርድ ቤቱን አሳመነና ሞግዚቱ ሆነ። እናቱን ገና የቀበረ ሰው፣ በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣን ደግሞ ተሸክሞ እንዳይደክም ስላሰባችሁለት እናመሰግናለን።

አንደኛ፣ ስለ አወሳሰዳችሁ። ሠራተኞችዎ አንድ ጠዋት መጥተው «ና ሉሼን፣ ፓይ እንብላ» አሉት። ጣፋጭ ኬክ ይወዳልና ደስ ብሎት የእሑድ ኮፍያውን አደረገና ከመንገዱ ማዶ እጁን አውለበለበልኝ። መኪናው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ የቆመው ግን ከባሕሩ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ደጃፍ ነበር። የገዛ ስማቸውን እንኳ ከማያስታውሱ ሽማግሌዎች ጋር አስተኛችሁት። ለዣኒን ማንም ምንም አልነገራትም፤ ቅዳሜ ደርሶ ቦውሊንግ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምናው። «ወደ ቤቴ የምሄደው መቼ ነው?» እያለ በመጠየቁ «ይረብሻል» ተባለና ማስታገሻ ኪኒን ታዘዘለት። ልጠይቀው ስሄድ የሌላ ሰው ሹራብ ለብሶ፣ ለሃጩ አገጩ ላይ ደርቆ፣ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ አገኘሁት። ስሜን ሊጠራ ፈልጎ አፉ አልታዘዘለትም። ተንከባካቢዋም «አሁን እኮ በጣም ጨዋ ሆኗል» አለችኝ። ወጥቼ መኪናዬ አጠገብ አስመለሰኝ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ሥራዎ በሰው አንጀት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቁት ዘንድ ነው።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አስጠላኝና ተውኩት። ይልቅስ ኖርማን፣ ዣኒንና እኔ ፍርድ ቤት ሄድን።

ችሎቱን መቼም አይረሱትም። ዳኛዋ ከመንበራቸው ወርደው ሉሼን ፊት ተቀመጡና «የት መኖር ትፈልጋለህ?» አሉት። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። እርስዎ ፈጠን ብለው «ክብርት ዳኛ፣ እንደሚያዩት ጥያቄው አይገባውም» አሉ። «የጠየቅሁት እርስዎን አይደለም» አሉ ዳኛዋ። ሉሼን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየና ወደ እርስዎ ቀና ብሎ፣ ኪኒኑ ባከበደው ምላሱ አንድ አንድ ቃል እያወጣ ተናገረ።

«ፓይ እንበላለን አሉኝ። ፓይ አልነበረም። ዋሽተውኛል። እዚያ አልመለስም።»

ከመሥሪያ ቤትዎ በወጣ ማብራሪያ ሁሉ ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም።

ዳኛዋ ሞግዚትነቱን ሻሩ። ሉሼን ራሱ የመረጠን ሦስታችን ልናግዘው እንጂ ልንወስንለት እንዳልሆነም አስጠነቀቁን። እገዛ ምን እንደሚመስል ምናልባት ላልሰሙ ባልደረቦችዎ ላስረዳ፦ ሐኪሙ ስለ ኪኒኑ ሲናገር ኖርማን በቀላል ቃል ይደግምለታል፤ ሉሼን በራሱ አነጋገር መልሶ እስኪነግረን እንጠብቃለን፤ ካልገባው እንደገና እንጀምራለን። «እንቅልፍ ብቻ ነው የሚሰጠኝ፣ አልፈልገውም» ሲል ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀነሰለት።

እኔ ደግሞ ከእኔ ጋር ይኖራል ብዬ የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ነበር። ገብቶ ግድግዳውን ዳሰስ አደረገና «ቀለሙ ያምራል አክስቴ፣ ግን አልመጣም። ከዣኒን ጋር ነው የምኖረው» አለኝ። የመረጡት ቤት ከዕቃ መሸጫው ሱቅ በላይ ነው። «ደረጃው በክረምት በረዶ ይይዛል፣ ትወድቃለህ» ስለው፣ «አንቺስ አምና በረንዳሽ ላይ ወድቀሽ የለም እንዴ?» አለኝ። ተቀየምኩ፤ አልዋሽዎትም። «ለደኅንነቱ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ እንደ እርስዎ ልናገራት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ብርድ ልብሱን አቀፍኩና ያንኑ ደረጃ ወጣሁ። ዛሬ ሁለቱ እዚያ ይኖራሉ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ድስት ያሳርራሉ። በመከርም ወደ ሥራው ተመልሷል።

እንግዲህ ለሰው ልጅ ያለዎትን አሳቢነት ከሩቅ እያደነቅሁ፣ ከደጃፋችን ይበልጥ እንዲርቅም ከልብ እየለመንኩ፣ አንድ ሰው ከእጅዎ በማምለጡ የደረሰብዎትን ሐዘን እግዚአብሔር እንዲያጽናናዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ሮዝሊን ሚሾ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ስለ ሉሼን በመሆኑ ሳይወጣ በፊት አነበብኩለት። ሁሉንም ፈቀደ፤ እርስዎን የጠራሁባትን አንዲት ቃል ግን «ይሄማ ስድብ ነው አክስቴ፣ ሰው ፊት አይባልም፣ አውጪው» አለኝ። እኔ ባለችበት ብትቆይ በወደድኩ፤ እሱ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ ዛሬ በአገር ፊት ሳይሰደቡ የዋሉት፣ መወሰን አይችልም ባሉት ሰው ውሳኔ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።