የደፈንኩብሽ ቀዳዳ

ለውድ ባለቤቴ ለአለምነሽ፣

አለምዬ፣ ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ጭንቅ ነው። ልጃችን ይታይሽ ታማብኛለች፤ እንዳንቺው ታስላለች።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ጊደሯ ወልዳለች፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ያለውን ማሳ ገብስ ዘርቼበታለሁ። የቅርጫት ሥራዬንም አልተውኩም። ነቀዝ እንዳይበላው ቀርከሃውን እንደ ድሮው ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ፤ ጭስ የመታው ቀርከሃ ዳንግላ ገበያ እንደሚወደድ ታውቂያለሽ። እሳቱ ሥር የምትውለው ግን አሁን ይታይሽ ናት። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ያንቺን ቦታ ያዘች።

ሳሉ ሲብስባት በበቅሎ አፈናጥጬ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ደረቷን አዳመጠና ስለ ቤታችን ይጠይቀኝ ጀመር። መስኮት አለው ወይ አለኝ፣ የለውም አልኩ። ጭሱ በየት ይወጣል አለኝ፣ በክዳኑ ሣር እየሰረገ ነው አልኩ። ሳንባዋን የጎዳው እሱ ነው፣ ቤቱ ካልተነፈሰ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም አለኝ። ከዚያ እናቷስ ብሎ ሲጠይቀኝ ያ ቀዳዳ ትዝ አለኝ።

ከራስጌሽ ያለውን ግድግዳ በማማሰያ እጀታ ፈልፍለሽ ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አበጅተሽ ነበር። እኔ ንፋሱ ሽው ሲል ሰምቼ ተቆጣሁ። በመጋኛ ልትመቺ ነው ወይ ብዬ ጭቃ ከጭድ አቡክቼ ደፈንኩት። ሦስት ጊዜ ከፈትሽው፣ ሦስት ጊዜ ደፈንኩት። በመጨረሻው «ትንሽ አየር እንጂ ሌላ ምን ጠየቅሁህ?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ በጋቢ ጠቅልዬሽ እንጨት ጨመርኩ። እንዲሞቅሽ ብዬ ነበር። የወሰደሽ ጭሱ ይሁን ሌላ በሽታ እግዜር ያውቃል፤ እኔ ግን እየሳሳሁልሽ ያፈንኩሽ ይመስለኛል። ወይኔ አለምዬ፣ ምነው ያን ቀን እግዜር እጄን በያዘው!

ትናንት ጠዋት መጥረቢያ አንስቼ ግድግዳውን ከፈትኩት። የደፈንኩት ጭቃ ሲረግፍ ያንቺው ቀዳዳ ወጣ፣ መስኮቱን እዚያው ላይ አሰፋሁት። እህቴ መጥታ ልጅቱን በእንጅባራ ብርድ ልትፈጃት ነው ብላ ጮኸችብኝ። አመነታሁ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ቀርከሃውን ወደ ደጅ አወጣሁት፣ ነቀዝ ከበላውም ይብላው። ይታይሽን ከምድጃው አርቄ መደቧን በመስኮቱ በኩል አደረግሁላት፣ ደበሎዬንም ደረብኩላት።

ዛሬ ከነቃች ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሳለችው። ተሽሏት ይሁን ጆሮዬ መስማት የሚፈልገውን እየሰማ ይሁን አላውቅም። እጇን ስነካው ቀዘቀዘኝና ልደፍነው ተነሳሁ። ጭቃውን ሁሉ አቡክቼ ነበር። ቃልሽ ትዝ ሲለኝ ወደ ደጅ ደፋሁት።

ፈራሁ አለምዬ። አንዴ ተሳስቻለሁ፣ ደግሞ በእሷ ብሳሳትስ? እዚያው ካለሽበት ለምኝላት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያን ቦታ ጭቃ አይነካውም። ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ የከለከልኩሽ ትንሽ አየር እሱ መሆኑን አስባለሁ።

ባልሽ