እንደ ቡናህ ጠብቅልኝ

ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.፣ ሬኮ። ጠዋት 1 ሰዓት።

ለራዲዮው 12 ቮልት ያስፈልጋል፣ ባትሪው 11.3 ብቻ። ትናንት ማታ 11.4 ነበር። የሠራሁት ሦስተኛው የባትሪ መሙያ ሰርኪዩትም ይኸው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በሦስት ቀን ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ከዲላ ከወጣሁ ዐሥር ቀን ሆነኝ፣ የክሊኒኩ ራዲዮ አሁንም ድዳ ነው። ድሬሰሩ ተስፋዬ መጠየቁን ትቷል። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስቱ አስቴር ወሯ ገብቷል። በፊተኛው ወሊድ ደም አልቆም ብሏት በቃሬዛ ነው ያወረዷት። ዘንድሮ ከዲላ መኪና የሚጠራላት ይኸ ራዲዮ ነው። ራዲዮውን የሚያናግረው ባትሪው፣ ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ እኔ ያቆምኩት፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው መስተዋት። ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር ፭። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ሌሊት ባትሪው ወደ መስተዋቱ መልሶ ያፈሳል ብዬ ጠረጠርኩ። ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚከለክለውን ዳዮድ ቀየርኩ። ጭራሽ ሽቦውን ነቅዬ አሳደርኩት። ያው ነው። ቀን ያልገባ ሌሊት ከየት ይወጣል?

ቀኑን ሙሉ የክሊኒኩ ጓዳ ውስጥ ነኝ፣ መበየጃውን በከሰል እያጋልኩ። ዓይኔ ቆሰለ። መስተዋቱን የማየው ጠዋትና ማታ ነው። ደህና ነው፣ ንጹሕ፣ ስንጥቅ የለው። ሌላ ቦታ እንዳላዞረው ሬኮ ሁሉ የዛፍ ጥላ ነው። ሰማይ የሚታየው ከክሊኒኩ ጎን ባለው ቡና ማጠቢያ ግቢ፣ ቡና በሚሰጣባቸው ማድረቂያ አልጋዎች መሐል፣ አሁን ባቆምኩበት ብቻ።

አለቃዬ በሹፌር ልኮብኛል፦ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ነቅለህ ና። አስቴር ምሳ አቀረበችልኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ኅዳር ፯። ቀትር።

ከሰል አልቆብኝ ወጣሁ። መስተዋቱ ጆንያ ለብሷል! ቡናው ያለባቸው አልጋዎችም ሁሉ ለብሰዋል። የአልጋዎቹ ጠባቂ አቶ ጅግሶ ከሥር ተቀምጧል። ጮኽኩበት፣ አባቴ በሚሆን ሰው ላይ። ግራ ገባው።

«ቀትር ፀሐይ ክፉ ነው፣ ጌታዬ። ቡናው እንኳ ይሰነጠቃል። ይሄ ደግሞ መስተዋት ነው!»

በየቀኑ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ይሸፍነዋል። ሲገልጠው በጋቢው ይወለውለዋል። ማን አዘዘህ አልኩት። አንተ፣ አለኝ። እውነቱን ነው። ያቆምኩት ዕለት እየሳቅሁ፣ እንደ ቡናህ ጠብቅልኝ ብዬው ነበር። አፌን በቆረጠው።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ አልጋው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ለባከነው ቀን ሁሉ።

ኅዳር ፱፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3 ሰዓት።

ትናንት ደመና ዋለ። 11.6። አስቴርን ንጋት ላይ ምጥ ያዛት። ደሙ ከወዲሁ ያሰጋል ይላል ተስፋዬ። ራዲዮው ይበራል፣ መናገሪያውን ሲጫን ግን ይጠፋል። ባትሪው ሲሞላ ይቆርጣል ብዬ የኮራሁበት ሪሌ ራሱ ከባትሪው ይጠጣል። ነቀልኩት። ሁሉንም ነቀልኩ። አንድ ዳዮድ፣ ሁለት ሽቦ፣ በቃ። የመጀመሪያው ዕለት ያሰብኩት ይኸንኑ ነበር፤ ለአዋቂ አይመጥንም ብዬ ተውኩት።

6 ሰዓት ተኩል። 12.2። ተስፋዬ ሦስት ጊዜ ጠራ። በአራተኛው ዲላ መለሰ። መኪና ተነሥቷል።

ከመስተዋቱ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ አልለይም። አለቃዬ የፈለገውን ይበል፣ ይኸ መስተዋት አይነቀልም። አቶ ጅግሶ አልጋዎቹን ሸፍኖ ጨረሰ። አንድ ጆንያ ተረፈው፣ ይዞት ወደኛ መጣ። ደነገጥኩ። መስተዋቱን አልፎ እኔን አለበሰኝ። ቀትር ፀሐይ ክፉ ነው፣ አለኝ።

9 ሰዓት። አስቴር መጮኋን አቆመች። ተስፋዬ ከክሊኒኩ አልወጣም። ጆንያው አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው። ከቁልቁለቱ በታች የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ የዲላው መኪና ነው።