ለብርቄ የነፈግኋት መልስ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

ጎረቤቴ ታደሰ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከወደቀ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ሚስቱ ብርቄ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፍልስፍና ስለማስተምር ሰፈሩ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

«ጋሼ፣ ዝናብ ነው፣ ነገ እወጣለሁ ብሎኝ ነበር። ዛሬውኑ ካልሆነ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ባልልከው ይተርፍ ነበር ወይስ ቀኑ ደርሶ ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሃያ ዓመት ያነበብኩት ሁሉ መጣብኝና፣ «ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም» አልኳት። መልስ የሌለውን ጥያቄ ተሸክሞ መኖር ጥበብ ነው እያልኩ ነው ደመወዝ የምበላው።

«ምነው ጋሼ፣ ቀኑ ነው ቢሉኝ አፍዎ ይቆረጥ ነበር?»

ፊደል ያልቆጠሩት የእድሩ ዳኛ ዘንበል አሉላት። «ቀኑ ነው ልጄ፤ አልጋው ላይ ቢተኛም አይቀርለትም ነበር።» ብርቄ በረጅሙ ተነፈሰች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ ቀመሰች አሉ።

አሁንም ቢሆን ትክክል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስወጣ «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል የዋለች ሴት ለእኔ ዝም አለች።