የታችኛው ጨፌ እንዳይቆፈር

ለውድ እህቴ ለደሚቱ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እወቂልኝ። የላይኛውን ጨፌ ያደረቀው እኔ ያስቆፈርኩት ቦይ ነው፤ ምንጫችንንም ያጠፋው እሱ ነው እንጂ ድርቅ አይደለም። ስለዚህ ልጅሽ ቶሌሳ የታችኛውን ጨፌ እንዳይነካ። ከዚህ ጋር የታጠፈውን ሌላ ወረቀት ዛሬውኑ ስጪው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቁልቁለት ስትወርጂ የሚሰማሽ ሕመም ቀለል አለልሽ ወይ? ባለቤትሽን ሮቤራንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ልደታ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ አንድ ጄሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ እስክደርስ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። ይህን በስልክ ባማረርኩ ቁጥር «አይዞህ ጋሼ» ትይኛለሽ። አንቺ ግን ምንጩ ከደረቀ ጀምሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ውሃ ተሸክመሽ እንደምትመላለሺ አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም።

ባለፈው ቅዳሜ ጡረታ የወጣን መምህራን አሥራ ሁለት ሆነን ከሜክሲኮ ሚኒባስ ተከራይተን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ እንደ እኛ ጨፌ ያለ አንድ የተከለለ ረግረግ ልንጎበኝ ሄድን። እንደ ልማዴ ደብተር ይዤ ወፎቹን በየዓይነታቸው እመዘግብ ነበር። ክንፈ ሰማያዊ ዝዮች አርባ ሦስት ቆጠርኩ፤ ዳክዬዎቹ ግን እየተነሱ ቦታ ስለቀየሩብኝ ተውኳቸው። ከዚያ ቄጠማው መሃል እናታችን «ባለ አክሊሎቹ» የምትላቸውን ረጃጅም ወፎች አየሁ። ሁለት ነበሩ። ክንፋቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ሲጫወቱ ልክ ድሮ ከቤታችን ደጅ እናያቸው እንደነበረው ነበር። እኛ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ እንደሆነ ሳሰላ ቦዩን ከቆፈርንበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ እንዳላየናቸው ገባኝ።

ፀዳለ የምትባል ወጣት የረግረጉ ጠባቂ ወደ አንድ የተደፈነ ቦይ ወሰደችን። በቆሎ ለመዝራት ተብሎ የተቆፈረ ነው። በሦስተኛው ዓመት ከታች ያለው ምንጭ እንደነጠፈ፣ ቦዩ በአፈር ከተደፈነ በኋላ ደግሞ በሁለት ክረምት እንደተመለሰ ነገረችን። እኔ እንደ ፈታኝ «ዝናቡ ቀንሶ እንዳልነበር በምን አረጋገጣችሁ?» አልኳት። «ለክተናል አባባ፤ አልቀነሰም» አለችኝ። የሂሳብ መምህር የነበረው ገብረየሱስ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር አየና «እንዴት ቀጥ ብሏል እባካችሁ! ይሄማ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ መምህር ነው ያስቆፈረው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደሚቱ፣ አብሬ ሳቅሁ።

ያን ዓመት ገመድና ችካል ይዤ ስለካ አጠገቤ መጥተሽ «ጋሼ፣ ምንጩ የሚጠጣው ከዚህ ጨፌ ነው፤ ተወው» ብለሽኝ ነበር። እኔ በጎረቤት ፊት «ይህን ስንተኛ ክፍል ተማርሽው?» አልኩሽ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ራሴ ነኝ፤ ትምህርት ቤት እንዳልገባሽ አውቃለሁ። ሰው ሲስቅ ነጠላሽን ሳብ አድርገሽ ወደ ቤት ገባሽ። ምንጩ ሲደርቅ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍሽልኝ። የዝናብ እጥረት ነው ብዬ ሁለት ገጽ መለስኩልሽ። የዚያን አካባቢ የዝናብ መጠን ማንንም አልጠየቅሁም ነበር። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያቀርብልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ይህ አልበቃ ብሎኝ ኅዳር ላይ ቶሌሳ የታችኛውንም ላድርቀው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የቦዩን ንድፍ ሠርቼ፣ ፈርሜ ላክሁለት። ለመንደሩ ሁሉ እንዳሳየው ሰምቻለሁ። ከቅዳሜ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤና አውርቼ ዘጋሁ። «ድምፅህ ምን ሆነ?» ስትይኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም።

የፈቀድኩት በፊርማዬ ስለሆነ የምሽረውም በፊርማዬ ነው። በሌላው ወረቀት ላይ ንድፉ ስሕተት መሆኑን፣ የተሳሳትኩትም እኔ መሆኔን ጽፌያለሁ። ቶሌሳ በቆሎውን ተስፋ አድርጓልና ይቆጣል፤ ቁጣው ወደ እኔ ይምጣ። ዝናቡ ሳይጠና መጥቼ የላይኛውን ቦይ አብሬያችሁ እደፍናለሁ። ምንጩ ይመለሳል ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ አላውቅም።

ሮቤራን በርታ በይልኝ። የልጅ ልጅሽን ሲፈንን ሳሚልኝ። ቶሌሳን አጎትህ ይቅርታ ይጠይቅሃል በይው። ያን ቀን ከሳቁት መካከል እማማ ወርቅዬ በሕይወት አሉና እጅ ነሥተሽልኝ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰላሁን የሕንፃችን ነዋሪ ነው፤ ለሥራ መቱ መጥቶ ማክሰኞ ይመለሳል። ቶሌሳ መቆፈር ጀምሯል ወይስ አልጀመረም? ሌላው ይቅርና ይህን ብቻ ጽፈሽ በሰላሁን እጅ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሙለታ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.